ጸሐፊና አስጻፊ፦ የቁርጥ ጽሕፈት ታሪክ ከቆቦ ማመልከቻ ጸሐፊዎች እስከ ኢንተርኔት ገበያ

መግቢያ

በአማርኛ «ጻፈ» ከሚለው ግሥ ጎን «አስጻፈ» የሚል ግሥ አለ። የሰዋስው ተማሪዎቻችን «አስ-» የሚለውን ቅጥያ የአስደራጊነት ምዕላድ ብለው መዝግበው ያልፋሉ። በአገራችን የጽሕፈት ታሪክ ውስጥ ግን አስጻፊው ከጸሐፊው ያልተናነሰ ቦታ ይዞ የኖረ ሰው ነው። መጽሐፍ ያስጻፈው፣ ክታብ ያስጻፈው፣ ደብዳቤ ያስጻፈው፣ የክስ ማመልከቻ ያስጻፈው ሕዝብ ለረጅም ዘመን በገዛ እጁ ከጻፈው ይበልጥ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን በስማቸው የታወቁ ደራስያንን ተከትሎ ስለሚጓዝ፣ ለሌላ ሰው በዋጋ የሚጻፈው ጽሑፍ ከታሪኩ ውጭ ቀርቷል።

ይህን ርእስ እንዳነሣ ያደረገኝ የዛሬው ሁኔታ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች በኢንተርኔት በኩል ፊቱን አይተውት ለማያውቁት ሰው ይጽፋሉ፤ ዋጋቸውንም በዶላር ይቀበላሉ፣ ወይም ለመቀበል ይሞክራሉ። ይህ «ፍሪላንስ» የሚባለው ሥራ ብዙ ጊዜ ከባሕር ማዶ የመጣ ፍጹም አዲስ ነገር ተደርጎ ይነገራል። በእኔ አስተያየት አዲሱ ነገር መሣሪያውና የገበያው ስፋት ነው እንጂ ሥራው አይደለም። በወር ደመወዝ ሳይሆን ለአንድ ጽሑፍ አንድ ዋጋ ተቆርጦ የሚሠራው ጽሕፈት፣ በዕለት ቋንቋችን «ቁርጥ ሥራ» የምንለው፣ በአገራችን ረጅም ዕድሜ አለው።

ለምሳሌነት የመረጥሁት ቆቦንና የራያን ቆላ ነው። ከወልድያ በስተሰሜን በአላማጣ መንገድ ላይ የምትገኘው ይህች ከተማ የደጋው፣ የቆላውና ከዞብል ተራራ ባሻገር የሚኖረው አርብቶ አደር የሚገናኙባት ናት። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛና አፋርኛ በገበያዋ ይሰማሉ። እንዲህ ባለ ቦታ ጽሕፈት የእጅ ሥራ ብቻ ሳይሆን የማስማማት ሥራም ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው። ጽሑፍ በዋጋ ለሌላ ሰው ሲጻፍ፣ ቃሉ የማን ነው? ነገሩስ የማን ነው?

አምስቱ ተካፋዮች

የብራና መጻሕፍትን መጨረሻ ያገላበጠ ሰው አንድ የተለመደ ጸሎት ያገኛል። በጸሎቱ አምስት ሰዎች ተዘርዝረው ምሕረት ይለመንላቸዋል፤ መጽሐፉን የጻፈው፣ ያስጻፈው፣ ያነበበው፣ የተረጐመውና ቃሉን የሰማው። ይህ ዝርዝር ከሃይማኖታዊ ትርጉሙ ሌላ ስለ ጽሕፈት የተሟላ አስተሳሰብ የያዘ ይመስለኛል። አንድ ጽሑፍ የአንድ ሰው ብቻ ሥራ አይደለም። ገንዘቡን ያወጣው፣ እጁን ያደከመው፣ ድምፅ የሰጠው፣ ያብራራውና ያደመጠው ሁሉ ድርሻ አላቸው። ድርሻቸውም በስም ይመዘገባል።

ዋጋውም ቢሆን የሚያሳፍር አልነበረም። መጽሐፉ በስንት አሞሌ፣ በስንት ብር ወይም በምን ያህል እህል እንደተጻፈ የሚናገሩ ማስታወሻዎች በመጻሕፍቱ ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ። ቁም ጸሐፊው ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ በሥራውም እንጀራ ይበላል። ከገዳም ውጭ የሚሠራው ደብተራም እንዲሁ ነው። ለሕመምተኛ የሚጻፈው ክታብ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥና የክርስትና ስሙ በየጸሎቱ ውስጥ በቀይ ቀለም ይገባበታል። ጸሎቱ የሁሉም ነው፤ በስሙና በቁመቱ ግን የአንድ ሰው ብቻ ይሆናል።

ለገበያ ተብሎ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ጽሑፍም ነበር። የባለቤቱ ስም የሚገባበት ቦታ ክፍት ተትቶ የተጻፈ የጸሎት መጽሐፍ፣ ገዢው ሲገኝ ስሙ ይሞላበታል። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወርም የቀድሞው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፋል። ከዚህ የምንረዳው አንድ ጥንታዊ ልዩነት አለ። የባለቤቱ ስም ይለወጣል፤ የጸሐፊው ስም የተጻፈበት መጽሐፍ ከሆነ ግን እርሱ እንደ ሠሪ ባለበት ይቆያል። ገንዘብ ባለቤትነትን ይገዛል፤ ሠሪነትን ግን አይገዛም።

ከቃል ክርክር ወደ ማመልከቻ

ሁለተኛው የቁርጥ ጽሕፈት ዓይነት ከፍርድ አደባባይ የመነጨ ነው። የቀድሞው ሙግት በቃል ይካሄድ ነበር። «በልሃ ልበልሃ» እየተባለ በዛፍ ጥላ ሥር የሚደረገው ክርክር ንግግር ለሚያውቅ ሰው ታላቅ መድረክ ነበር። ንግግር ያልተሰጠው ባላገር ነገረ ፈጅ ወይም ጠበቃ ያቆማል፤ አፍ ይከራያል ማለት ነው። ብዕር መከራየት የመጣው የመንግሥት አሠራር ወደ ወረቀት እየዞረ በሄደ ጊዜ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስቴር አንዱ ነበር። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ የፍርድ ቤቶችን ደረጃ ወሰነ። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ የክስና የመልስ አጻጻፍን ደነገገ፤ ለምሳሌ የሚሆኑ ቅጾችንም አያይዞ አወጣ።

ያን ጊዜ በወሎ ጠቅላይ ግዛት በራያና ቆቦ አውራጃ ይኖር የነበረ ገበሬ የገጠመውን ችግር እናስብ። ችግሩ የወሰን መገፋት፣ የከብት መነዳት ወይም የውርስ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ነገሩን በሽማግሌ ፊት በቃል ለማስረዳት የሚያንስ ሰው አይደለም። የራያ ሰው በአነጋገሩ የታወቀ ነው። ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው ግን ሌላ ዓይነት አማርኛ ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ተለይተው፣ የክሱ ምክንያት በተራ ተዘርዝሮ፣ የሚጠየቀው ዳኝነት ተለይቶ፣ ማስረጃው ተጠቅሶ መጻፍ አለበት። ይህን የሚያውቀው በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣ ከጃንጥላ ወይም ከዛፍ ጥላ በታች ወንበርና ጠረጴዛ ይዞ የሚቀመጠው ሰው ነው። ሕዝቡ «ራፖር ጸሐፊ» ወይም «ማመልከቻ ጸሐፊ» ይለዋል። ቃሉ ከፈረንሳይኛ ቢመጣም ሥራው የአገር ነው።

የዚህ ሰው ሥራ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ያደምጣል። ባለጉዳዩ ነገሩን የሚጀምረው ከመሬቱ ሳይሆን ከአያቱ ነው፤ ሠርግ፣ ድርቅ፣ ዕርቅ፣ የጎረቤት ስድብ እየተቀላቀለ ይነገራል። ጸሐፊው በጥያቄ እየመለሰ ፍሬውን ከገለባው ይለያል። ሁለተኛ ይተረጉማል። «መሬቴን ገፍቶ አረሰብኝ» የተባለው ነገር በወረቀቱ ላይ «ሁከት ይወገድልኝ» የሚል ክስ ይሆናል። ሦስተኛ መልሶ ያነባል። ባለጉዳዩ የራሱን ነገር በሌላ አማርኛ ይሰማል፤ ይህን አላልሁም፣ ይህን ደግሞ ጨምርልኝ ይላል። ከዚያ በኋላ ነው የሚፈርመው። መፈረም ካልቻለ በአውራ ጣቱ አሻራ ያትማል። እንግዲህ በብራናው ጸሎት የተዘረዘሩት አምስቱም፣ ጸሐፊው፣ አስጻፊው፣ አንባቢው፣ ተርጓሚውና ሰሚው፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር ተገኝተዋል።

የተለወጠው የስም ጉዳይ ነው። በማመልከቻው ግርጌ የከሳሹ ስምና ፊርማ ይገኛል፤ የጸሐፊው ስም አይገኝም። በሥነ ሥርዓት ሕጉ በቁጥር 92 መሠረት ነገሩ እውነት መሆኑን የሚያረጋግጠውም ባለጉዳዩ ነው። ይህ አግባብ ነው እላለሁ። ቃሉ የጸሐፊው ቢሆን እንኳ ነገሩ የከሳሹ ነውና። ከሐሰት የሚመጣው ቅጣትም ሆነ ከእውነት የሚመጣው ፍርድ የእርሱ ነው። ጸሐፊው ስሙን ያጣው የነገሩ ባለቤት አጠገቡ ተቀምጦ ስለሆነ፣ መጥፋቱ በደል አይባልም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር፣ በተከታዩ ዓመትም ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት ሲያገኝ፣ የማመልከቻ ጸሐፊዎች ዘመን ያበቃ መስሎ ነበር። አላበቃም። ፊደል መቁጠርና ማመልከቻ መጻፍ የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። እንዲያውም የመንግሥት መዋቅር እስከ ቀበሌ ሲወርድ፣ መሬት ሲከፋፈልና የይዞታ ደብተር ሲሰጥ የሚጻፈው ወረቀት በዛ። ከጃንጥላው ሥር የነበረው ጠረጴዛ ወደ «ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ» ቤት ገባ፤ የጽሕፈት መኪናና ካርቦን በኮምፒውተር ተተኩ። ሥራው ግን ቀጠለ።

ደብዳቤ፣ ካሴትና ስልክ

ከማመልከቻው ጎን ደግሞ የቤተሰብ ደብዳቤ ነበር። በዚህ ዘርፍ ጸሐፊዎቹ ብዙውን ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። እኔም በቆቦ ተማሪ ሳለሁ ለጎረቤቶቻችን ደብዳቤ ከሚጽፉት ልጆች አንዱ ነበርሁ። ልጃቸው ወታደር የሆነባቸው እናት «ጻፍ እስቲ ልጄ» ብለው ይቀመጣሉ። የመግቢያውን ሰላምታ እኔ አውቀዋለሁ። ጤንነት ይጠየቃል፤ የራስ ጤና ይነገራል፤ ክርስቲያኑ እግዚአብሔር ይመስገን ሲል ሙስሊሙ አልሐምዱሊላህ ይላል፤ ከዚያ በየስማቸው ሰላም የሚሉ ዘመዶች ይደረደራሉ። ይህ ሁሉ ቅርጽ ነው። የደብዳቤው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሬው መሸጡ፣ እኅትየው መዳሯ፣ ዝናብ መቅረቱ። እነዚህን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ጸሐፊው ልጅም ብዕሩን አዘግይቶ ያደምጣል። ዋጋው የማሽላ እሸት ወይም አንድ አገዳ ጥንቅሽ ነው።

ከራያና ከሰሜን ወሎ ብዙ ወጣቶች በአፋርና በጅቡቲ አድርገው ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ መሄድ ከጀመሩ በኋላ ደብዳቤው በቴፕ ካሴት ተተካ። የሄደው ልጅ ድምፁን ቀድቶ ይልካል፤ ቤተሰቡ በቴፑ ዙሪያ ተቀምጦ ይሰማል፣ በተራውም ይቀዳል። ቀጥሎ ተንቀሳቃሽ ስልክ መጣ። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ በመካከላቸው የነበረው መልእክት በአብዛኛው በስልክ የተነገረ ነው እንጂ የተጻፈ አይደለም። በመሆኑም የደብዳቤ ጸሐፊነት ከቤተሰብ ሕይወት ወጣ። ይህን እንደ ጉዳት ብቻ ማየት አይገባም፤ እናት ልጇን ያለ አማላጅ ማናገር ችላለች። ለታሪካችን የሚጠቅመው ነጥብ ሌላ ነው። ነገርን አድምጦ በጽሑፍ የማስቀመጥ ልማድ ከሰፈር እየጠፋ በሄደበት ዘመን፣ ጽሕፈት በዋጋ የሚጠየቅበት ሌላ ትልቅ ገበያ በዓለም ላይ ይከፈት ነበር።

የማይታየው አስጻፊ

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ በዩኒኮድ፣ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። በዚያው ዓመት ገደማ በአሜሪካ ኢላንስ የተባለው የቁርጥ ሥራ ገበያ በድረ ገጽ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2003 ኦዴስክ ተከተለው። ሁለቱ በ2013 መዋሐዳቸውን አስታወቁ፤ በ2015 አፕዎርክ የሚል አዲስ ስም ያዙ። በእስራኤል የተመሠረተው ፋይቨር ደግሞ በ2010 ማንኛውንም አነስተኛ ሥራ በ5 ዶላር ከሚል ሐሳብ ተነሣ። ስሙም ከዚሁ ዋጋ የመጣ ነው።

የእነዚህን ገበያዎች አሠራር በአማርኛ ቃል ለመግለጽ ያህል፣ ደላላም ጨረታም ዳኛም የሆነ ተቋም ብንላቸው ያስኬዳል። ጸሐፊው ስለ ሙያው የሚገልጽ ገጽ ያዘጋጃል። አስጻፊው የሚፈልገውን ሥራ ያስታውቃል፤ ከፊሊፒንስ፣ ከኬንያ፣ ከፓኪስታን፣ ከኢትዮጵያ የሚነሡ ጸሐፊዎች ይጫረታሉ። ገበያው የድለላውን ድርሻ ይቆርጣል። ፋይቨር ከሠሪው ክፍያ 20 በመቶ ይወስዳል። አፕዎርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2023 ድረስ ከአንድ ደንበኛ ከሚገኘው ከመጀመሪያው 500 ዶላር ላይ 20 በመቶ ይቆርጥ ነበር። ከ2019 ወዲህ ደግሞ ለመጫረት ራሱ መክፈል መጣ፤ አንዷ የመጫረቻ ነጥብ በ15 የአሜሪካ ሳንቲም ትሸጣለች፤ አንድ ማመልከቻም ከአንድ በላይ ነጥብ ይፈጃል። በቆቦ አጥር ሥር ጸሐፊው ተቀምጦ ባለጉዳዩ ይመጣ ነበር። በዚህ ገበያ ጸሐፊው ለመታየት ይከፍላል፤ ካልተመረጠም ገንዘቡ ይቀራል።

ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የማድመጡ ጉዳይ ነው። በሰዓት በሚከፈል ሥራ ላይ የአፕዎርክ ፕሮግራም በየ10 ደቂቃው ገደማ የጸሐፊውን የኮምፒውተር ገጽ ፎቶግራፍ ያነሣል። አስጻፊው ጸሐፊውን ያየዋል ማለት ነው። ጸሐፊው ግን አስጻፊውን አያየውም፤ ብዙ ጊዜ እውነተኛ ስሙንም አያውቅም። ትእዛዙ የሚመጣው በአጭር መስመር ነው። ስለ ፍራሽ አመራረጥ 1,000 ቃል፣ እስከ ነገ ማታ። የሚተርክ ባለጉዳይ የለም። መልሶ የሚነበብለትም የለም። ጸሐፊው በፍራሹ አልተኛም፤ አስጻፊውም ምናልባት አልተኛበትም። ሁለቱም የነገሩ ባለቤት አይደሉም። ከአምስቱ ተካፋዮች ሁለት ብቻ ቀርተዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ አይተዋወቁም።

ስምም በዚሁ ገበያ ይሸጣል። ለሌላ ሰው ተጽፎ በሌላ ሰው ስም የሚወጣ ጽሑፍ ከታወቁት የሥራ ዓይነቶች አንዱ ነው። በአገራችን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ከገንዘብ ጥቅም ሌላ የደራሲው የሞራል መብት እንዳለ ያውቃል፤ ሥራው የእኔ ነው የማለት መብት ነው። ይህ ድንጋጌ ከብራናው ልማድ ጋር ይስማማል። በገበያው ውል ውስጥ ግን ክፍያው ሲፈጸም ሥራው ሁሉ ለአስጻፊው ያልፋል፤ የመጽሐፉ ባለቤት ብቻ ሳይሆን ሠሪውም ይፋቃል።

ይሁን እንጂ ገበያውን በጭፍን መኮነን አይገባም። ከቆቦ ወይም ከወልድያ የተነሣ ወጣት በአዲስ አበባ ዘመድ ሳይኖረው፣ የደጅ ጥናት ሳይጠና፣ በችሎታው ብቻ ሥራ ሊያገኝ የሚችልበት በር ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ሲጀምር የዶላር ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ከ100 ብር አለፈ፤ በውጭ ገንዘብ የሚከፈል ትንሽ ሥራም በአገር ቤት ክብደት አገኘ። በአገር ውስጥም በቴሌግራም የሚሠሩ እንደ አፍሪወርክ ያሉ የቁርጥ ሥራ ገበያዎች ተነሥተዋል። የአማርኛ ድርሻ ግን ጠባብ ነው። በዓለም አቀፉ ገበያ አማርኛ የሚፈለገው በአብዛኛው ለትርጉም፣ ድምፅን ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥና ለኮምፒውተር ማሠልጠኛ የሚሆን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ነው። ጽሑፉ ራሱ በእንግሊዝኛ ይታዘዛል።

ይህም ገበያ ቢሆን በቆመበት አልቆየም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ቻትጂፒቲ ለሕዝብ ከተለቀቀ በኋላ በአፕዎርክ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ሥራም ገቢም እንደቀነሰባቸው አሳይተዋል። የሚያስገርም አይመስለኝም። ባለጉዳይ የሌለው ጽሑፍ፣ አድማጭ የማያስፈልገው ጽሑፍ፣ ለመሣሪያ ተላልፎ ለመሰጠት የመጀመሪያው ነው። ከአያቱ የሚጀምረውን ገበሬ እየጠየቀ የሚጽፈው ሰው ሥራ በዚያ ፍጥነት ተላልፎ አይሰጥም።

መስመር ሲቋረጥ

ገበያው ስለ ፍጥነት የሚለው ነገር በቆቦ ላይ ልዩ ትርጉም አለው። ፋይቨር ሠሪው ለጥያቄ የሚመልስበትን ፍጥነትና ሥራውን በቀኑ ማስረከቡን ይመዘናል፤ አፕዎርክም ለእያንዳንዱ ሠሪ የስኬት ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ሲወርድ ስሙ ከፍለጋው ግርጌ ይሆናል። ይህ ምዘና መስመር የማይቋረጥበት አገር ላለ ሰው የተሠራ ነው።

ቆቦ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ቆየች። በእነዚያ ወራት ብዙ ነዋሪዎች ሕይወታቸውን አጡ፤ የመንግሥትና የሕዝብ ተቋማት ተዘረፉ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እንደገና ተመለሰባት። ሰላም መጣ ሲባል በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ተቋርጦ በአብዛኛው የክልሉ ክፍል ለአንድ ዓመት ለጥቂት ፈሪ ጊዜ ተዘግቶ ቆየ። በዚህ መካከል ሕይወት ማትረፍ ከሥራ ሁሉ ይቀድማል፤ ስለ ጽሕፈት ገበያ ማንሣት ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ከሞት የተረፈው ሰው እንጀራ ይፈልጋል። የተቋረጠው መስመር ሲመለስ ገጹን ከፍቶ የሚያገኘው ያልተመለሱ ጥያቄዎችና የወረደ ነጥብ ነው። ለዓመታት በትዕግሥት ያጠራቀመው ምስክርነት ጦርነት አያውቅም፤ ዝም አለ ብቻ ይላል።

የቀድሞው ጸሐፊ እንዲህ ያለ ዳኛ አልነበረውም። ድርቅ ሲመጣ፣ በ1966ም ሆነ በ1977 ዓ.ም. ራያ ባዶ በሆነች ጊዜ፣ እርሱም ከሕዝቡ ጋር ተሰድዷል፤ ሲመለስ ግን ባለጉዳዩም አብሮት ተመልሷል። መከራው የጋራ ስለነበር ዝምታው ይታወቅለት ነበር። ዛሬ ጸሐፊውና አስጻፊው አንድ መከራ አይካፈሉም፤ ስለዚህም አንዱ ሲጠፋ ሌላው ወደ ቀጣዩ ስም ያልፋል።

ነገሩ የማን ነው?

እስካሁን ካየነው አንድ መለኪያ ማውጣት የሚቻል ይመስለኛል። በዋጋ ለሌላ ሰው መጻፍ በራሱ ነውር አይደለም። ቁም ጸሐፊው፣ ማመልከቻ ጸሐፊው፣ ደብዳቤ ጸሐፊው ሁሉ ይህንኑ ሠርተዋል። ሥራው ንጹሕ የሚሆነው አስጻፊው የነገሩ ባለቤት ሲሆንና ጸሐፊው ያን ነገር አድምጦ ቃል ሲሰጠው ነው። ነገሩም ቃሉም የአስጻፊው ሳይሆኑ ስሙ ብቻ ሲገባ ሥራው ሌላ መልክ ይይዛል።

ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኬንያ ለውጭ አገር ተማሪዎች የትምህርት ጽሑፍ በዋጋ የሚጽፉ ብዙ ምሩቃን ያሉባት አገር መሆኗ በዓለም መገናኛ ብዙኃን በሰፊው ተዘግቧል። ጸሐፊዎቹ በሙያቸው የተካኑ ናቸው፤ ዲግሪውን የሚያገኘው ግን ሌላው ነው። በእኛም ከተሞች፣ በዩኒቨርሲቲዎች አካባቢ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እናዘጋጃለን የሚሉ ማስታወቂያዎች በግድግዳና በስልክ እንጨት ላይ ተለጥፈው አይተናል። ማመልከቻ ያስጻፈው ገበሬ መሬቱ የራሱ ነው፤ በደሉም የራሱ ነው፤ በቁጥር 92 የሚያረጋግጠው እውነት አለው። ጥናት የሚያስጻፈው ተማሪ ግን አላጠናም፤ ዕውቀቱ የእኔ ነው ብሎ የሚያረጋግጠው ነገር የለውም። ሁለቱም «አስጻፊ» ይባላሉ፤ ሰዋስው አይለያቸውም። እኛ ልንለያቸው ይገባል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ የተመለከትሁት ታሪክ ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍላችን ሁለት የቤት ሥራ ይሰጣል ብዬ አምናለሁ። የመጀመሪያው የማስተማር ነው። ተማሪዎቻችን ድርሰት የሚማሩት ከራሳቸው ልብ እንዲጽፉ ነው፤ ሌላውን ሰው አድምጠው፣ ጠይቀው፣ ነገሩን በትክክለኛ ቃል እንዲያስቀምጡለትና መልሰው እንዲያነቡለት አናስተምራቸውም። ይህ ችሎታ በፍርድ ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በዕርዳታ ድርጅት፣ በቀበሌ ሁሉ ይፈለጋል። ከጦርነት በወጣ አካባቢ የደረሰበትን ለማስጻፍ የሚፈልግ ሰው ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። በኢንተርኔት ገበያውም ቢሆን ሥራው የማይወሰድበት ጸሐፊ ማድመጥ የሚችለው እንደሆነ እገምታለሁ።

ሁለተኛው የመሰብሰብ ሥራ ነው። የነገሥታቱ ደብዳቤዎች ታትመዋል፤ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። የራያን ገበሬ ነገር ወደ ፍርድ ቤት አማርኛ የመለሱት ሰዎች ግን የሥራ ትዝታቸው አልተመዘገበም፤ ያስቀሩት ቅጂም አልተሰበሰበም። በጦርነቱ የተበተነው ወረቀት አይመለስም። በየቤቱ በሻንጣ ውስጥ ከይዞታ ደብተር ጋር ተጠቅልለው የተቀመጡ የማመልከቻ ቅጂዎች ግን ዛሬም ይገኛሉ። አንድ ተማሪ ለመመረቂያ ጽሑፉ የአንድ ማመልከቻ ጸሐፊን የሥራ ዘመን ቢያጠና፣ ባለጉዳዩ የተናገረውንና ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ጎን ለጎን አድርጎ ቢመረምር፣ የአማርኛ ስድ ንባብ ከየት እንደመጣ ካሁን ቀደም ያላየነውን ምንጭ ያሳየናል። በጥናቱም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የማመልከቻ ጸሐፊው ስም ይጻፍ።